ይሄ ክፍል የማን ነው?

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ዕለት ሻንጣዋን ኮሪደሩ ላይ አቁማ ቤቱን ዞራ አየችው። ወጥ ቤቱን አይታ "ጎሽ፣ ሰፊ ነው" አለች። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራውን ባለ መስተዋት ቁም ሳጥን ስታይ ደግሞ ፊቷ በራ። "እሰይ፣ ቡፌም አላችሁ!" ከዚያ የልጄን ክፍል በር ገፋ አደረገችና እዚያው ቆመች። ያኔ ልጄ 14 ዓመቱ ነበር። አልጋው አልተነጠፈም፣ ጫማው ተበታትኗል፣ ግድግዳው በቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ተሸፍኗል።

"ይሄ ክፍል የማን ነው?"

"የልጁ ነው፣ እማዬ።"

"የሱ ብቻ?"

"አዎ፣ የሱ ብቻ።"

"ታዲያ እንግዳ የት ይተኛል?"

እንግዳዋ ራሷ ናት፤ ሻንጣዋ ኮሪደር ላይ ቆሟል። እኔ ደግሞ ልጆቼ ባደጉ ቁጥር ክፍላቸውን ስለዋውጥ፣ ቀለም ስገዛ፣ አልጋ ስቀይር ስኖር ይህን ጥያቄ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የዚያን ቀን ጥያቄዋ ነው።

ዓመት ሲዞር የሚታደስ ቤት

ያደግኩት ጉለሌ፣ ሁለት ክፍል ባላት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አምስት ልጆች ነበርን። "የኔ ክፍል" የሚል ቃል ከማናችንም አፍ ወጥቶ አያውቅም። አንዱ ክፍል የእናትና የአባት ነው፤ ሌላው ሳሎን ነው። ሳሎኑ ቀን ቀን የእንግዳ፣ ማታ ማታ የኛ። ከምሽቱ ዜና በኋላ ጠረጴዛው ወደ ጥግ ይገፋል፣ ፍራሾቹ ከአልጋ ሥር ተጎትተው ይነጠፋሉ። ሲነጋ ተጠቅልለው ይገባሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ቢመጣ አምስት ልጅ እዚያ ማደሩን የሚያሳብቅ አንድ ነገር አያገኝም።

ቡፌው ደግሞ ከነጭራሹ የኛ አልነበረም። ብርጭቆዎቹ የእንግዳ፣ ስኒዎቹ የእንግዳ፣ ቁልፉ እናቴ መቀነት ላይ። እላዩ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሌላ ዳንቴል።

ያ ቤት የሚታደሰው እኛ ስላደግን አልነበረም፤ ዓመት ስለዞረ ነው። ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ ወደ ማለቁ ሲጠጋ፣ ዝናቡ ፋታ የሰጠበት ቀን ተመርጦ ዕቃው ሁሉ ግቢ ይወጣል። ጥላሸቱና የሸረሪት ድሩ ይጠረጋል። የተሰነጠቀው ግድግዳ በጭድ ጭቃ ይመረጋል፤ ውጪው ኖራ ይቀባል። ውስጡ ጋዜጣ ይለጠፋል። የኛ የልጆቹ ሥራ ሙጫ ማዘጋጀት ነበር፤ የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጠን እሳት ላይ እናማስላለን፣ እንዳይጓጉል እየተፈራረቅን። አባቴ ሁለት ሕግ ነበረው፦ ፊደል አይዘቀዘቅም፣ የሰው ፎቶ ከወለሉ አጠገብ አይለጠፍም። የሚለጠፈው አዲስ ዘመን ነው። ለአዲስ ዓመት አዲስ ዘመን፤ የባለፈው ዓመት ዜና ግን እሥሩ እንዳለ።

ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ይሁን እንጂ ማንበብ የለመድኩት በዚያ ግድግዳ ነው። ፍራሽ ላይ በጎኔ ተኝቼ ከዓይኔ ትይዩ ያለውን ዓምድ አነባለሁ። ወሬው ሲጣፍጥ "ወደ ገጽ 5 ዞሯል" ይላል። ገጽ 5 ደግሞ ከጀርባው ነው፤ በሙጫ ተጣብቋል። ስንት ታሪክ እንደዚያ መጨረሻው ሳይታወቅ ቀርቶብኛል።

የፍራሹን እድሳት ደግሞ ፍራሽ አዳሹ ነበር የሚሠራው። "ፍራሽ አዳሽ!" እያለ በሰፈሩ ያልፋል፤ እናቴ በልጅ ታስጠራዋለች። ግቢው መሐል ማዳበሪያ ዘርግቶ የፍራሹን ስፌት ይተረትራል። ከውስጡ የሚወጣው ጥጥ እንደ ድንጋይ የተጠቀጠቀ ነው፤ የአምስት ልጅ ክብደት የተኛበት። በዘንግ እየመታ ሲፈለፍለው አቧራው ይጨሳል፣ ጥጡም ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ጧት ሁለት ጣት የማይሞላው ከሰዓት በኋላ ጉልበት ይደርሳል። እናቴ የታጠበውን ልባስ ታቀብለዋለች፣ ይሞላል፣ በወስፌ ይሰፋል። ያን ማታ ከፍታው ገርሞን እንስቃለን፤ ፍራሹ ያው ፍራሽ ነው።

ፕላስቲክ ሳፋ ተሸክሞ "ልዋጭ!" የሚለው ደግሞ አለ፤ ያጠረንን ልብስ ወስዶ ኩባያ ወይም ጎድጓዳ ሳህን ይሰጣል። "ቁራሌው!" ባዩ የተሰበረውን ብረትና ባዶውን ጠርሙስ ይገዛል፤ ብረቱ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ ወይም ማንጠልጠያ ሆኖ ይመለሳል። ከቤታችን ወጥቶ መጨረሻው ቆሻሻ ገንዳ የሆነ ዕቃ ትዝ አይለኝም።

በልጅ ዕድሜ የሚቀየር ክፍል

አሜሪካ መጥቼ ስወልድ ሌላ ትምህርት ጠበቀኝ። እዚህ ክፍል የሚሸጠው በዕድሜ ነው። የአራስ ክፍል፣ የታዳጊ ክፍል፣ የጎረምሳ ክፍል። ሱቁ ውስጥ አልጋው፣ መጋረጃው፣ መብራቱ፣ ምንጣፉ ሁሉ በአንድ ሥዕል ተስማምቶ ቆሞ "ልጅሽን ትወጂዋለሽ?" የሚል ይመስላል። እወደዋለሁ፤ ገዛሁ።

ትልቁ ስህተቴ የመኪና ቅርጽ ያለው አልጋ ነው። ልጄ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ቀይ፣ ጎማ ያለው፣ ፊቱ ላይ መብራት የተሣለበት። የሳምንት ደመወዜን ወሰደ። ፍራሹም ልዩ ልክ ስለነበረ ለሱም ለብቻው ከፈልኩ። ስድስት ዓመት ሲሞላው እግሩ ከመኪናው ወጣ። ይባስ ብሎ መኪና መውደዱን ትቶ ዳይኖሰር ጀመረ። በዘጠኝ ዓመቱ ዳይኖሰሩ "የሕፃን ነው" ተባለ፤ በ12 ዓመቱ የእግር ኳሱ መጋረጃ አሳፋሪ ሆነ። አንድ ልጅ፣ አንድ ክፍል፣ አራት ጊዜ ገበያ።

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አጭር ነው፦ ከሕፃን አልጋ ቀጥታ ወደ ትዊን እለፉ። ትዊን የሚባለው ልክ 38 በ75 ኢንች ነው፤ በኛ አባባል ከባለ ዘጠናው ትንሽ ሰፋ፣ ከሜትር ከሃያው ጠበብ ይላል። ለሦስት ዓመት ልጅ ይሰፋል፣ ለ18 ዓመት ወጣትም ይበቃል። ተደራራቢ አልጋ ከሆነ ደግሞ ላይኛው ላይ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይውጣ፤ የአሜሪካ የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን የሚመክረውም ይህንኑ ነው።

ቋሚ፣ ማገር፣ ምርጊት

የምንኖረው ዌስት አዳምስ፣ ተከፍሎ ከሚከራይ አሮጌ ቤት በአንዱ ጎን ነው። ሰፈሩ ከሎስ አንጀለስ አሮጌ ሰፈሮች አንዱ ሲሆን ብዙው ቤት የተሠራው ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። ሰፊ በረንዳ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከግድግዳ ጋር የተሠራ ቡፌ። ዛሬ ከፊሉ የሰፈሩ ክፍል በታሪካዊ ጥበቃ ሥር ስለሆነ ባለቤቱ የፊት ገጽታውን እንዳሻው አይቀይርም። ደንቡ የሚያየው ግን ውጪውን ነው፤ የልጅ ክፍል ምን ይቀባ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ቀን ልጄ ኳስ መትቶ የክፍሉን ግድግዳ በረቀሰው። ልቆጣው ገብቼ ቀዳዳውን ሳይ ቁጣዬን ረሳሁት። ውስጡ ቋሚ እንጨት ቆሟል፤ ቋሚው ላይ ስስ እንጨቶች ተጋድመው ተመትተዋል፤ እላያቸው ላይ ምርጊት። በጉለሌ አነጋገር ቋሚ፣ ማገር፣ ምርጊት! ድሮ ምርጊቱ እንዳይሰነጠቅ የከብት ፀጉር ይቀላቅሉበት ነበር፤ እኛ ጭድ እንደምንቀላቅለው። ሆሊውድ አጠገብ ጭቃ ቤት አገኘሁ ብዬ ለእህቴ ፎቶ ላክሁላት።

የነዚህ ቤቶች ክፍሎች ስማቸውን ስንቴ እንደቀየሩ የሰፈሩ ታሪክ ይናገራል። ሹገር ሂል በሚባለው የዌስት አዳምስ ክፍል በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ስመ ጥር ጥቁር አሜሪካውያን ቤት ገዝተው ገቡ፤ በ1940 ኦስካር በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር የሆነችው ተዋናይት ሃቲ ማክዳንየል አንዷ ነበረች። ነጭ ጎረቤቶቻቸው ቤቱ ለጥቁር አይሸጥም የሚል አሮጌ ውል ጠቅሰው ከሰሷቸው። በታኅሣሥ 1945 ዳኛው ለጥቁሮቹ ፈረዱ፤ በ1948 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤት እንዳያስፈጽም ወሰነ። በ1960ዎቹ ባለ 10 ቁጥሩ አውራ ጎዳና ሹገር ሂልን ሰንጥቆ አለፈ። ብዙ ትልልቅ ቤት ተሸንሽኖ የኪራይ ክፍል ሆነ፤ ምግብ ቤት የነበረው መኝታ ቤት፣ በረንዳው ወጥ ቤት። ጉለሌ ያለችው ቤታችንም በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ተብላ ከመወረሷ በፊት የአንድ ባለርስት የእንግዳ ማረፊያ ነበረች ይባላል።

ግድግዳው ላይ የተደራረበው ቀለም ግን አደጋም አለው። ሁለተኛዋ ልጄ መዳህ የጀመረች ሰሞን የመስኮቱን ፍሬም ልቀባ ብዬ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ፣ ከጎን ያሉት አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት በመስኮት አይተውኝ እየጮኹ መጡ። "ልጅቷን ይዘሽ ውጪ!" አሉኝ። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት፣ ይልቁንም እንደኛው ባለ መቶ ዓመት ቤት፣ የሥረኛው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ በደረቁ ሲፈገፈግ አቧራ ሆኖ ሕፃን እጅና አፍ ውስጥ ይገባል፣ አእምሮ ይጎዳል። የልጄን ደም አስመረመርኩ፤ ደህና ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያልተላጠውን ቀለም አልነካም፣ እላዩ ላይ እቀባለሁ፤ መስኮቱ ሥር የሚጠራቀመውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። የተላጠ ካለ ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንዲመጣ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቃለሁ።

ይህን ለእናቴ ሳስረዳ "ግድግዳው እርሳስ አለበት" አልኳት።

"ልጅ ባለበት ቤት እርሳስ መቼ ከግድግዳ ጠፍቶ ያውቃል?" አለችኝ፣ ልጅቷ የሞነጨረችውን እያሳየች።

ዘጠና ሰባት ዶላር

እናቴ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ነሐሴ ገባ። ልጄ ክፍሉን ለቆላት ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ቡፌው ሥር ፍራሽ አንጥፎ ያድር ነበር፤ ፊቱን አጥቁሮ። አንድ ጠዋት ቡና እያፈላች "ዓመቱ ሊዞር ነው፤ ቤቱ አይታደስም?" አለች። ልጄ ዕድሉን አገኘ።

"ክፍሌ ይቀባ። ጥቁር።"

"ጥቁር?" እናቴ ጀበናውን አስቀመጠች። "ማን ሞቶ?"

ድርድሩ ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ሦስቱ ግድግዳ ነጣ ያለ፣ አራተኛው ድፍን ሰማያዊ እንዲሆን ተስማሙ። አከራዩ ስንለቅ ወደ ነበረበት እንደምንመልስ ቃል አስገብቶ በኢሜይል ፈቀደ። ተከራይ ማለት የነካውን መመለስ ያለበት ሰው ነው፤ በቀበሌ ቤትም ያለ ፈቃድ ግድግዳ አይፈርስም ነበር። እዚህ ግን ልናውቀው የሚገባ ሕግ አለ። በካሊፎርኒያ አከራይ የማስያዣውን ገንዘብ ከለቀቅን በ21 ቀን ውስጥ መመለስ ወይም የቆረጠበትን ዘርዝሮ መላክ አለበት፤ ኖረንበት በደበዘዘ ቀለም ሊያስከፍለን አይችልም።

አንድ ጋሎን ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ ከ350 እስከ 400 ካሬ ጫማ ይሸፍናል። 10 በ12 ጫማ ለሆነ ክፍል፣ ሁለት ዙር ለመቀባት፣ ሁለት ጋሎን ይበቃል። ሱቅ ውስጥ ሙሉ ዋጋ ከመክፈል ሰው አስበጥብጦ ቀለሙ አልሆነልኝም ብሎ የመለሰውን ጠይቁ፤ አንድ ጥግ ላይ ተጥሎ በርካሽ ይሸጣል። እኔ ጋሎኑን በ9 ዶላር አገኘሁ። ሰማያዊው ሩብ ጋሎን 17፣ ሮለርና ብሩሽ 20፣ የመጋረጃ ጨርቅ 30፣ ብረትና ብሎን 12፤ ሁለቱ ጋሎን 18። ድምሩ 97 ዶላር።

ጠረጴዛው በነፃ ነው። ዌስት አዳምስ የዩኤስሲ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤት ስለሆነች በየዓመቱ ግንቦት ላይ ተማሪዎች ሲለቁ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መብራት፣ መደርደሪያ መንገድ ዳር ይወጣል። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። በኋላ ግን ልዋጭ ማለት ይኸው ነው አልኩ፤ ያለ ሳፋ ብቻ። ከመንገድ የማላነሳው ሁለት ነገር አለ፤ ፍራሽና የጨርቅ ሶፋ። ትኋን ይዞ ይገባል። የሕፃን አልጋ ከሆነ ደግሞ ጎኑ ወደ ታች የሚወርደውን ዓይነት ማንም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ ሕፃናትን ስለገደለ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጥ ተከልክሏል።

እዚህ ፍራሽ አዳሽ የለም። ፍራሽ አፍራሽ ግን አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ ፍራሽ ስንገዛ ትንሽ ክፍያ ይጨመርብናል፤ በዚያ ገንዘብ አሮጌ ፍራሽ በነፃ የሚረከቡ ቦታዎች አሉ፤ ስፖንጁ ለብቻ፣ ሽቦው ለብቻ ተለያይቶ ለሌላ ሥራ ይውላል። ይህን ለእናቴ ስነግራት "ከዚያ መልሰው ይሰፉታል?" አለች። አይሰፉትም። አገር ቤትም ቢሆን ስፖንጅ ፍራሽ ከመጣ ወዲህ የዚያ ጥሪ ድምፅ እየሳሳ ነው።

የቀረውን ዕቃ የምናገኘው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ ከኛ ሩቅ አይደለም። ኦሊምፒክና ዊትወርዝ መካከል ያለችው ያቺ አጭር መንገድ በ2002 እ.ኤ.አ. ሊትል ኢትዮጵያ ተብላ በከተማው ምክር ቤት ከመሰየሟ በፊትም የኛ ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ ነበራት። ስፌትና ረከቦት ይሸጣል፤ ዋጋው የአውሮፕላን ሻንጣውን ኪራይ ጨምሮ ነው። ያልጠበቅኩት ጥቅሟ ግን ወሬው ነው። ቡና ላይ አንዷ "ልጄ ከሕፃን አልጋ ወጣ" ስትል ሌላዋ "እህቴ ልትወልድ ነው" ትላለች፤ አልጋው በሳምንቱ መኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ይሄዳል። ልጄ ያደገችበት አልጋ ከኛ በፊት ሦስት፣ ከኛ በኋላ ሁለት ቤት እንደዞረ አውቃለሁ። ብሎኖቹ ከረጢት ውስጥ፣ መመሪያው ላይ የስድስት እናት ጽሕፈት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ልብሱን እንጂ ክፍሉን አይደለም

ቀለሙ ሲደርቅ እናቴ ከሻንጣዋ ከሽሮ ሜዳ ያመጣችውን ባለ ጥለት ነጭ ጨርቅ አውጥታ የአልጋው ራስጌ ላይ ዘረጋችው። መጋረጃውን በእጇ ሰፋች። ኮመዲኖው ላይ ዳንቴል አነጠፈች። ቆሜ ሳየው ስንት ዓመት የጠፋብኝ ነገር ገባኝ። ጉለሌ ውስጥ ማንም አልጋ አይቀይርም ነበር፤ የሚቀየረው የአልጋ ልብስ ነው። ሶፋ አይቀየርም፣ ልባሱ ይቀየራል። ቤት ይለብሳል እንጂ አይለወጥም። እኔ ግን አጥንቱን በልጅ ዕድሜ ስቀይር ኖሬያለሁ፤ የሚያልፈውን ነገር፣ መኪናውን፣ ዳይኖሰሩን፣ በእንጨት አሠርቼ። የሚያልፍ ነገር በጨርቅ ነው የሚሠራው፤ በትራስ ልባስ፣ በወረቀት፣ በሚነቀል ፖስተር። ልጁ ሲሰለቸው ይታጠባል፣ ይታጠፋል፣ ለታናሽ ይተላለፋል።

አገር ቤቱን ግን እንዲሁ ማሞገስ አልፈልግም። ያን ቤት ስናድስ ማናችንንም "ምን ትፈልጋላችሁ?" ያለን የለም። ታላቅ እህቴ 12ኛ ክፍል ስትፈተን የምታጠናው ሻማ ይዛ ወጥ ቤት፣ ከእንጨት ጭስ ጋር ነበር፤ ሳሎኑ በእንግዳ ተይዟል። የሚዘጋ በር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ልጄ በሩን ዘግቶ ሲያጠና ነው። እንግዳ ክቡር ነው፤ ልጅም የሚዘጋ በር ያስፈልገዋል።

ዛሬ አዲስ አበባም ተለውጧል። ታናሽ እህቴ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ገብታለች፤ ቤቱ ውስጡ ሳይጠናቀቅ ስለሚሰጥ ወለሉንም ቀለሙንም ራሷ ጨርሳለች። የልጆች ክፍል የሚል ነገር እሷም ዘንድ አለ፤ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ጂፕሰም ኮርኒስ፣ በቴሌግራም የሚሸጥ ተደራራቢ አልጋ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ስለተወደደ ግን "አልጋውን ትቼ ልባሱን ሰፋሁ" አለችኝ። እኔ ዞሬ የደረስኩበት እሷ ሳትወጣ ቆየችበት።

አንድ ነገር ግን ከኔ ተማረች። ሎስ አንጀለስ የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ናት፤ ጥር 17 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. ኖርዝሪጅ ላይ መጠኑ 6.7 የሆነው መንቀጥቀጥ የመታው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ ልጅ ሁሉ በተኛበት። ባለ መሳቢያ ቁም ሳጥንም ያለ መንቀጥቀጥ፣ ልጅ መሳቢያውን እንደ ደረጃ ሲወጣበት ይገለበጣል፤ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው እንዳይገለበጥ ጠንካራ መለኪያ ማለፍ አለበት። አሮጌው አላለፈም፤ ከቋሚው እንጨት ጋር በብረት መታሰር አለበት። ያ 12 ዶላር የዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የሚነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሲያወዛውዝ እህቴ ሌሊት ደወለች። "ያንን ቁም ሳጥን እንዴት ነበር ያሰርሽው? ቡፌዬን ልሠር።" የሷ ኮንክሪት ግድግዳ ስለሆነ በድሪል በስታ ፊሸር እንድትከት፣ በብሎን እንድታጠብቀው ነገርኳት። ቡፌው ታሰረ፤ የእንግዳ ብርጭቆዎቹ ዛሬም አሉ።

እስክትመጪ

እናቴ ስድስት ወሯን ጨርሳ ተመለሰች። ልጄ ክፍሉ ገባ። ጨርቁን ከራስጌው ያወርደዋል ብዬ ስጠብቅ አላወረደም። ዳንቴሉ ደግሞ ከኮመዲኖው ተነሥቶ ፕሌይስቴሽኑ ላይ ተነጥፎ አገኘሁት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አቧራ እንዳይገባበት ነው፣ ማሚ።"

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ቤቱን እናድሳለን። እዚህም ትምህርት ቤት የሚከፈተው በዚያው ሰሞን ስለሆነ የልጅ ዕድሜና የእንቁጣጣሽ ቀጠሮ ተገጣጠመልኝ። ሁሉም ብሩሽ ይይዛል። ከ100 ዶላር አናልፍም። አልጋና ጠረጴዛ አይነካም። ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ቡፌው ሥር፣ የሚጠቀለል ፍራሽ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ክፍሉን የሚለቀው በተራ ነው፣ ተራውም ፍሪጅ ላይ ተጽፏል።

ዘንድሮ ልጄ 18 ሞላውና ኮሌጅ ሊገባ ወጣ። ክፍሉ ባዶ ቀረ። እህቱ ደግሞ 11 ዓመቷ ነው፤ እስካሁን መስኮት የሌላት በምትመስል ጠባብ ክፍል ነበረች። እኔና ባለቤቴ የመሥሪያ ክፍል እናድርገው፣ እናከራየው፣ እንዳለ ይቆይ እያልን ስንከራከር፣ እሷ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ትራሷን፣ መጽሐፎቿንና የጽጌረዳ ሥዕል ያለበትን አልጋ ልብሷን ይዛ ገባች። ሰማያዊውን ግድግዳ እንቀባልሽ ስንላት እንቢ አለች።

ማታ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ልጅቷ ይዛ ቤቱን ታዞራታለች።

"ይሄ ክፍል አሁን የማን ሆነ?" አለች እናቴ።

ልጅቷ ወደኔ አየት አድርጋ፣ ድምጿን አለሳልሳ መለሰች።

"ያንቺ ነው፣ እምዬ። እስክትመጪ እኔ እየጠበቅኩልሽ ነው።"